ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ

ትዕግሥት የደወለችልኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። የጋሽ ደምሴ የመጨረሻ ልጅ ናት። «እትዬ ጽጌ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። የቀብሩን ሰዓት ነገረችኝና ስልኩን ትዘጋለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያንቺ ዕቃ አለ፤ ስምሽ ተጽፎበታል። ለቅሶው ካለፈ በኋላ መጥተሽ ውሰጂው» አለች።

«ምንድን ነው?»

«እኔ አልነካሁትም።»

ሌላ አልጠየቅኳትም። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሽንኩርቱን ትቼ ኩርሲ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ለጋሽ ደምሴ ይሁን ለራሴ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ያወቅኳቸው መንግሥት ከተለወጠ ሦስት አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ያኔ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ሸሚዝ እያገላበጡ እንከን መፈለግ፣ ያገኘሁበት ላይ በጠመኔ መስቀል ማድረግ ነው። ሰፊዎቹ «ጽጌ ጠመኔ» ይሉኝ ነበር። ከኋላዬ የሚሉኝን ሌላውን ስም እዚህ አልጽፈውም። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንደ ጡብ የሚከብድ የሩሲያ ካሜራ ገዛሁና ፎቶ አንሺ የሆንኩ መሰለኝ። የመጀመሪያውን ፊልም ሊያጥቡልኝ የወሰድኩት ጋሽ ደምሴ ጋ ነው። ፎቶ ቤታቸው ከብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በአንድ ወፍጮ ቤትና በአንድ ጫማ ሰፊ መካከል ተሸጉጦ ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም ካፖርት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ጣቶቻቸው በማጠቢያው መድኃኒት ጠቁረዋል። ሲያዩህ ዓይን ዓይንህን አያዩም፤ ግንባርህን፣ ጆሮህን፣ ከኋላህ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ ላይ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል ብዬ ነበር። በኋላ ስለምዳቸው ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ እየፈለጉ እንደሆነ ገባኝ።

ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሱቁን ገርበብ አድርገው እኛን ጀማሪዎቹን ይሰበስባሉ። አምስት ስድስት እንሆናለን። አብዛኛውን ጊዜ ከጎኔ የሚቀመጠው ከድር ነው፤ ብትን ጨርቅ ነጋዴ፣ ሳቂታ፣ አንድ ፊልም ሙሉ ዶሮ አንስቶ የሚመጣ ሰው። ክፍያ የለም። ሕግ ግን አለ። ፎቶውን ያነሳው ሰው አፉን ይይዛል። ሌላው ሰው በተራ መጀመሪያ ደህና የሆነውን ይናገራል፤ ለማስደሰት ብሎ ከዋሸ ጋሽ ደምሴ «ይሄን የትኛው ላይ ነው ያየኸው?» ብለው ያፋጥጡታል።

የራሳቸው ተራ ሲደርስ ፎቶውን ዘቅዝቀው ያስቀምጡታል፤ ጭንቅላቱ ወደ ታች። «ሰውየውን ካወቅከው ፎቶውን አታየውም» ይሉ ነበር። «ዘቅዝቀው። ያኔ ሰውየው ይሄድና ብርሃኑን ታገኘዋለህ።» ከዚያ ያቀኑትና ከጥቁር ካርቶን በቆረጧቸው ሁለት ማዕዘኖች ዳር ዳሩን እየሸፈኑ፣ እየገለጡ ያዩታል። «መጥፎ» የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። «መጥፎ ፎቶ የለም፤ ያልበሰለ ነው ያለው» ይላሉ። በመጨረሻ ፎቶውን ገልብጠው ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ሁለት መስመር ይጽፋሉ። አንዱ «ደህና» ይልና ደህናውን ይዘረዝራል። ሌላው «ይቀራል» ይልና የጎደለውን።

የኔ የመጀመሪያ ፎቶ የጎረቤት ልጅ ነበር። ከልጁ አናት ላይ የመብራት እንጨት በቅሏል። «ይሄን እንጨት ማን ጠራው?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔ ተናደድኩ። እንጨቱ ከጥንትም እዚያ የቆመ ነው ልል ስል ከድር ቀደመኝ። «ጋሼ፣ እንጨቱ እኮ የመንግሥት ነው» አለ።

«ከድር፣ ይሄን ፎቶ ላየ ሰው ሁሉ እየዞርክ ይሄን ልትነግረው ነው?» አሉት። ጀርባው ላይ «ይቀራል፦ አንድ እርምጃ ወደ ግራ» ብለው ጻፉልኝ። እሑድ ሄጄ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሆኜ አነሳሁት። ልጁ ሌላ ልጅ ሆኖ ወጣ። እልኬን ዋጥ አድርጌ በየቅዳሜው መምጣት ጀመርኩ።

ከጨለማ ክፍላቸው በር አጠገብ ሰማያዊ ቁም ሳጥን ነበረ፤ ሁልጊዜ ይቆለፋል። አንድ ቅዳሜ ወረቀት ሊያወጡ ከፍተውት አየሁ። ውስጡ በፍሬም የተሠሩ ትልልቅ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ጀርባቸው ላይ ስም አለ።

«እነዚህስ ጋሼ?»

«የሚጠብቁ ናቸው» አሉና ዘጉት።  ምን እንደሚጠብቁ ያኔ አልገባኝም።

ነገሩ የጀመረው በከድር አጎት ነው። ከድር አጎቱን ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲስቁ አንስቷቸው መጣ። ጋሽ ደምሴ ዘቀዘቁት፣ አቀኑት፣ በካርቶኑ ሸፈኑት፣ ገለጡት። እርሳሱን አንስተው «ደህና፦ ሁሉም» ብለው ጻፉ። «ይቀራል» የሚለው ፊት ለፊት አጭር ሰረዝ አደረጉበትና በሁለት እጃቸው ለከድር ሰጡት። ከድር ለአንድ ሳምንት በደስታ ሰክሮ ከረመ። በሳምንቱ መጨረሻ አጎቱ ሱቃቸው ውስጥ እንደተቀመጡ አረፉ። ጋሽ ደምሴ ለለቅሶው ትልቁን ፎቶ በፍሬም አድርገው ይዘው ሄዱ። «ቶሎ አደረሱልኝ» አለ ከድር። ቀጥሎ ግን ፍሬሙን እያየ፣ «በጣም ቶሎ» አለ።

ሁለተኛዋ ከቅዳሜዎቹ ጀማሪዎች አንዲት ነርስ ያነሳቻት አክስቷ ናት። ያቺም ሰረዝ ተሰመረባት፤ ያቺም ወር አልሞላትም።

እኛ ሰፈር ደግሞ ልጅ አማረ ከተባለ እናቱ «እንትፍ በሉበት» የምትል፣ ላም ወለደች ተብሎ ጥጃዋን ለጎረቤት የማታሳይ ሰው ነው የሞላው። ድሮም ምስጋና የሚያስፈራው ሰው ይሄን ሲሰማ ምን ይላል? «ደምሴ ካመሰገነህ ኑዛዜህን አዘጋጅ» ተባለ። ሰው ልጁን ይዞ ፎቶ ሊያስነሳ ሲመጣ «ጋሼ፣ ደሞ አደራ፣ ቆንጆ ነው እንዳይሉ» ይላቸው ጀመር። እንደቀልድ ነው የሚሉት፤ ግን መልሳቸውን ሳይሰሙ አይሄዱም። እሳቸው አልተቆጡም። ከዚያ ወዲህ ግን የማንም ፎቶ ላይ ሰረዝ ሲያሰምሩ አላየሁም። ሁሉም ፎቶ አንድ ነገር ይቀረው ነበር።

አንድ ዝናብ የያዘን ቀን ሁለታችን ብቻ ቀርተን ነገሩን አነሳሁባቸው። ስለ አጎትየው አልመለሱልኝም። ስለ ሌላ ነገር ነገሩኝ። በዚያ ክፉ ዘመን እናቶች የጠፋ ልጃቸውን መታወቂያ ይዘው ይመጡባቸው ነበር፤ ጥፍር የምታክል ፎቶ፣ ማኅተም ግማሽ ፊቷን የበላት። አሳድግልኝ ይሏቸዋል። ሲያሳድጉት ፊቱ ይበተናል፤ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። «አንዲቷ እናት ‘የቱ ጋ ነው ዓይኑ?’ አለችኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «በጣቴ አሳየኋት። ዓይኑ ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም ነበር።» ከዚያ ካፖርታቸውን ቆለፉ። «ሰው ጥሩ ፎቶ ሳይኖረው መሄድ የለበትም። ለዚህ ነው ቅዳሜ የምሰበስባችሁ።»

እናቴን ያነሳኋት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔና እማዬ ሁለታችን ነበርን የምንኖረው። በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ቀና ብላ ሳታስበው ስታየኝ አነሳኋት። ፎቶውን ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አውቄዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑ ደግሞ ነው ያስፈራኝ። ጋሽ ደምሴ ዘቀዘቁት፣ አቀኑት፤ ካርቶኖቹን አነሱና ሳይጠቀሙባቸው መልሰው አስቀመጡ።  በመጨረሻ እርሳሱን አነሱ።

«ግራ እጇ አልገባም» አሉ። «ይቀራል።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ቤት ስገባ እማዬ «ምን አለሽ ደምሴ?» አለችኝ። ወሬውን እሷም ሰምታለች።

«ይቀራል አሉ።»

«እሰይ» አለች። «እንኳን ቀረ።»

ግራ እጇ ሁለት ጣት የለውም። ሳውቀው ስላደግኩ እንዴት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። በየፎቶው፣ በሠርጓ ፎቶ ሳይቀር፣ ነጠላዋ ውስጥ ትደብቀዋለች። እሑድ እጅሽን አውጪ ስላት እምቢ አለች። ለምን ስላት ነገረችኝ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ቃጫ ፋብሪካ ስትቀጠር በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ነው የወሰደባት። በማግሥቱ ሥራ ገብታለች። እኔ ይሄን የሰማሁት በሠላሳ ዓመቴ፣ ካሜራ ይዤ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ «ካሜራውን ነው የምታየው፤ አንቺን ትይ» አሉኝ። በሚቀጥለው «ጀርባዋ ያለው በርሜል ቀድሟታል»። በሚቀጥለው «ቁጭ ብላ አትጠብቅሽ፤ ሥራ ላይ አንሻት»። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሆነ። ጀሞ ያኔ እርሻ ነበር፤ ለብርሃኑ ብዬ እዚያ ድረስ ወስጃት በጤፉ ዳር አብረን ሄድን። ፎቶ እያነሳሁ ያወራናት ወሬ ከዚያ በፊት ከኖርነው ዕድሜ ትበልጣለች። ቅዳሜ ማታ በሩን ስከፍት ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «ዛሬስ ምን አለ?» መልሴም አንድ ነው። «እሰይ» ትላለች፤ እራት ታቀርባለች።

ይሄ ሊበቃኝ ይገባ ነበር። ግን እኔ እኔ ነኝ። የቀበሌው አዳራሽ ለእንቁጣጣሽ ፎቶዎቻችንን እንድንሰቅል ፈቀደልን። በዚያ ሰሞን ያነሳኋት ምስር ስትለቅም ነበር። ግራ እጇ ሰፌዱ ላይ፣ ሦስቱ ጣቶቿ በፀሐይ ውስጥ፣ ፊቷ ወደኔ። ከዚያ የተሻለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም፤ ዛሬም አላነሳሁም። ፍርሃቴን ረሳሁት። ምስጋናዬን ፈለግኩ።

ጋሽ ደምሴ ረጅም ጊዜ አዩት። «ጥላው ትንሽ ይከብዳል» አሉ።

«አይከብድም» አልኳቸው።

ከድር በክርኑ ጎሰመኝ። ሕጉ አፍ መያዝ ነው።

«ሰፌዱ ዳር ላይ...»

«ሰፌዱ ምንም አልሆነም። እኔ ቀኑን ሙሉ እንከን የምፈልግ ሰው ነኝ ጋሼ። የሌለ እንከን ሲለጠፍ አውቃለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ተዪኝ ልጄ» አሉ። «ይቅርብሽ።»

«አልተውም።»

እርሳሱን ይዘው ቆዩ። ፎቶውን ገለበጡትና «ደህና፦ ሁሉም» ብለው ጻፉ። ሰረዟን አሰመሩ። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «እውነቱ ይሄ ነው» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። «ዛሬስ ምን አለ?» አለች ቀና ሳትል።

መዋሸት ስችል አልዋሸሁም። ደስ ብሎኝ ነበራ። «ሁሉም ደህና ነው አሉ። ምንም አይቀረውም አሉ።»

እጇ ቆመ። የያዘችውን ምስር አንድ በአንድ ወደ ሰፌዱ መለሰች። «ይሁን» አለች። ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ ደግሞ፣ «እንግዲህ እሑድ እሑድ ፎቶ የለም ማለት ነው» አለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከገበያ ተመልሳ ጫማዋን ለማውለቅ እንደጎነበሰች ቀረች። ሐኪሞቹ ልቧ ነው አሉ። እኔ ምን እንደሆነ አውቄ ነበር፤ እኔ ነኝ።

ጋሽ ደምሴ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። አክስቴ ተቀብላ ፈታችው፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ምስር የምትለቅምበት አይደለም። የመጀመሪያው ነው፤ በር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ግራ እጇ የሌለበት። ሰው ቀለል ሲል ፍሬሙን ወስጄ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዳሩ ቢጫ ሆኗል፤ ሙጫው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሰሞኑ ሥራ አይደለም። በእርሳስ «ደህና፦ ሁሉም» ይላል። ሥሩ «ይቀራል» የሚለው ፊት ለፊት ሰረዝ አለ። ከሥሩ ቀን ተጽፏል፤ ፎቶውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣሁበት ሳምንት።

ደጅ ወጥቼ ደረስኩባቸው። «መቼ ነው ይሄን የሠሩት?»

«ያመጣሽው ዕለት።»

«ያኔ አውቀው ነበር?»

«እኔ የማውቀው ፎቶ ነው ልጄ» አሉ። ግንባሬን እያዩ ነው። «እናትሽን የወሰዳት ያንቺ ቃል አይደለም። ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ይሄን እንድታይ ነው ያመጣሁት።»

ሊያጽናኑኝ ነው። ይገባኛል። ግን ቆይቼ ሳስበው ሌላም ነገር ይከተላል፤ ያኔውኑ ተሠርታ ካለቀች፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በየቅዳሜው እንከን እየፈለጉ እሷን ያቆዩልኝ እሳቸው ናቸው። እጃቸውን አስለቅቄ ያስጣልኳቸው ደግሞ እኔ። ሁለቱንም አምኜ ሁለቱንም እክዳለሁ፤ እንደ ቀኑ ነው።

ቅዳሜን ተውኩ። ከሁለት ወር በኋላ የእማዬን ፊልሞች ልወስድ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ፊልሞቹ ያሉበትን ካርቶን ተቀብዬ በሩ ላይ ስደርስ «ጽጌ» አሉኝ፤ ዞርኩ፤ ካሜራ ዓይናቸው ላይ ነበር። ቀጭ አለ። ከኛ ማንንም አንስተው አያውቁም ነበር።

«ለምን?» አልኳቸው በቁጣ።

«ብርሃኑ ጥሩ ነበር» አሉ።

ፎቶውን ያሳዩኝ አላልኩም። አልፈለግኩም። ብዙም ሳይቆይ ባለ ቀለም ፊልም በአንድ ሰዓት የሚያጥቡ ቤቶች መጡ፤ የቅዳሜው ስብሰባ ተበተነ። ጋሽ ደምሴን ታክሲ ውስጥ ሳገኛቸው «አለሽ?» ይሉኛል። «አለሁ» እላቸዋለሁ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ። «ጎሽ» ይላሉ። ሌላ ሰው «እንዴት ነሽ?» ነው የሚለው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ትዕግሥት ጋ ሄድኩ። ሰማያዊው ቁም ሳጥን ተከፍቷል፤ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቶቹ ወስደዋቸዋል። አንድ ፍሬም ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። «ጽጌ» ይላል።

«በየጊዜው እያወጣ ይጽፍበት ነበር» አለችኝ ትዕግሥት። «ዓይኑ ከደከመ በኋላ እጁን ይዤለት ነበር የሚጽፈው። ለምንድን ነው ስለው፣ ‘ቅዳሜ አይደል’ ይለኛል።»

ጀርባውን አነበብኩት። «ደህና» የሚለው ፊት ለፊት ምንም የለም። «ይቀራል» ከሚለው ጀምሮ ግን ጀርባው ከላይ ወደ ታች ተሞልቶ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው፤ በወፍራም እርሳስ፣ በቀጭን እርሳስ፣ በደበዘዘ፣ ገና በሚያብረቀርቅ። አገጯ ከፍ ብሏል። ቁጣዋ አልበረደም። የነጠላዋ ጥለት ጠፍቷል። ትከሻዋ ዘምሟል። አልሳቀችም። እኔ ቂም ይዤ ታክሲ ውስጥ ፊቴን ሳዞርባቸው የኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ መስመር አላቸው። ታች ላይ የመጨረሻዋ፣ ፊደሎቿ የተንቀጠቀጡት፣ «ገና ናት» ትላለች።

ትዕግሥት «ፊቱን አታዪውም?» አለችኝ።

«አላይም» አልኳት።

በነጠላዬ ጠቅልዬ በታክሲ ይዤው መጣሁ። መኝታ ቤቴ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቅዬዋለሁ። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ እርሳስ ቀርጬ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ፎቶውን አይቼው አላውቅም፤ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እንከን ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የራሴን አላጣም። ባለፈው ሳምንት «እናቷን በጊዜ አልጠየቀችም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ አራት ጣት የምታህል ባዶ ቦታ ቀርታለች። ፊደሉን አሳንሼ ነው የምጽፈው።